የሁለት ሰው ይለፍ

ካርታው የተዘረጋው በሚጣ አልጋ ላይ ነበር። ሚስቱ ሆን ብላ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ ከዚያ አልጋ የሰፋ ነገር ስለሌለ ነው። ቢሆንም ሹፌሩ በሩ ጋ ሲደርስ እግሩ መቃኑን አልፎ አልገባም አለው። አገሩ ከዳር እስከ ዳር በልጅቷ ብርድ ልብስ ላይ ተንጋሏል። ማዕዘኖቹ እንዳይጠቀለሉ በአንደኛው የሻይ ብርጭቆ፣ በሌላው መቀስ፣ በቀሩት ሁለቱ ደግሞ ማንም ለመጣል እጁ ያልታዘዘለት የሽሮፕ ጠርሙሶች ተቀምጠውባቸዋል። ምድረ በዳው ትራሱ ላይ ወጥቷል፤ የምሥራቁ ባሕር አልጋው ጫፍ ላይ ደርሶ ቆሟል።

«ግባ እንጂ! ምን እንደ ባዕድ በር ላይ ትገተራለህ?» አለችው ቀና ሳትል። «ዛሬ ማኅተም ካልተመታበት ይቃጠላል ያልከው አንተ ነህ። ከየት እንጀምር?»

የሚቃጠለው ይለፉ ነው። ሹፌሩ ዕድሜውን የገበረለት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት ጡረታ ለወጣ ሹፌር ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ የነፃ ጉዞ ወረቀት ይሰጣል። ሠራተኞቹ «ይለፍ» ይሉታል። በይለፉ ጡረተኛው በመረጣቸው ሦስት ቦታዎች እየወረደና መልሶ እየተሳፈረ አገሩን ማየት ይችላል። የሚያገለግለው ግን፣ በደማቁ እንደተጻፈው፣ «ለባለመብቱና ለአንድ የቤተሰብ አባል» ነው። ለሁለት ሰው ማለት ነው። እነሱ ደግሞ ሦስት ነበሩ። ሚጣን ጥሎ ማን ይሄዳል? ይለፉ ቁም ሣጥን ውስጥ ከአንሶላዎች ሥር ገብቶ ከረመ፤ ማንም ስሙን አላነሳውም። አሁን ግን ሁለት ሆነዋል። ደንቡ በልካቸው የተሰፋ ሆነ። ይህን ባሰበ ቁጥር ሹፌሩ የሚረግመው ሰው ይፈልጋል፤ አያገኝም።

ሚጣ የቤት ስሟ ነው፤ በሌላ ስም የጠራት ሐኪም ብቻ ነበር። ገና ድክ ድክ ስትል የያዛት ትኩሳት ሲለቃት ሁለት እግሮቿን ይዞባት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዓለሟ ያ አልጋና ከአልጋው ፊት ለፊት ያለው መስኮት ሆነ። እዚያው አደገች፣ እዚያው ማንበብ ተማረች፣ እዚያው ትልቅ ሴት ሆነች፣ በመጨረሻም ደረቷ እምቢ ሲል እዚያው ሞተች። ድሮ ባልና ሚስቱ የሚጠራሩት በእሷ ነበር፤ እሱ «እናቷ» ይላል፣ እሷ «አባቷ» ትላለች። ከቀብሩ ወዲህ ሁለቱም ቃላት ከአፍ አልወጣ አሉ። አዲስ መጠሪያ ለማውጣት ደግሞ ዕድሜው አልፏል፤ እናም «ስማ»፣ «ስሚ» እየተባባሉ ነው ያሉት።

«እኔ በእሷ ምርጫ ነው የምሄደው» አለች ሚስቱ፣ ከልብስ ስፌት ሣጥኗ ውስጥ ቁልፎች እየለቀመች። «መጀመሪያ ሰማያዊ በሮች ያሏት ከተማ። ከዚያ የሚዘምረው ጨው። መጨረሻ ላይ ደመናው ቤት የሚገባበት ተራራ። ተራራውን ለምን መጨረሻ እንዳደረገችው ታውቃለህ? ‹እስከዚያ ይደክመናል እማዬ፣ በደመና ውስጥ ደግሞ እንቅልፍ ጥሩ ነው› ትለኝ ነበር።»

አንዱን ቁልፍ ሐይቁ ዳር፣ አንዱን ተራራው ጫፍ ላይ አስቀመጠች። ሦስተኛውን ይዛ በጣቷ ካርታውን ማሰስ ጀመረች።

«የጨው ሜዳው የቱ ጋ ነው? ሰሜኑን ሁሉ ፈለግኩት።»

አሁን ነው፣ አለ ሹፌሩ በሆዱ፤ አሁን ካልተናገርክ መቼ ልትናገር ነው? ከዚያ እጁ እሱን ሳያማክር ተዘርግቶ በካርታው ላይ አንድ ነጭ ቦታ ነካ። «እዚህ አካባቢ ነው» አላት። እሷም ቁልፉን እዚያ አስቀመጠች። እግሯ ላይ አዲስ ጫማ ነበር፤ ለጉዞው ብላ የገዛችው፣ እንዲለምድላት ቤት ውስጥ እያደረገችው የሰነበተችው፣ ተረከዟን ልጦ የጨረሰው ጫማ።

እንዲህ ነበር የጀመረው። ሹፌሩ ከመንገድ ሲገባ አንድ የማይታለፍ ሥርዓት ነበረው። ጫማውን አውልቆ፣ እጁን ታጥቦ፣ እህል ከመቅመሱ በፊት ሚጣ አልጋ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። «አባዬ፣ ዛሬስ ምን አየህ?» ትለዋለች። እናትየዋ ሥራ የያዘች መስላ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ግን አንድ ነገር አትሠራም። እሷም እንደ ልጇ ከዚያ ሰፈር ርቃ አታውቅም፤ ገበያ ደርሳ ስትመለስ እንኳ ልቧ ቀድሟት ቤት ይገባ ነበር።

መጀመሪያ ላይ እውነቱን ነው የሚነግራት የነበረው። እውነቱ ግን ምን አለው? ሰው የአገር አቋራጭ ሹፌር አገር ያየ ይመስለዋል። የዋህነት ነው። ሹፌር የሚያየው የፊቱን አስፋልት፣ ከፊቱ የሚንፏቀቀውን የጭነት መኪና ጀርባና በመስታወቱ ውስጥ የሚያስመልሰውን መንገደኛ ነው። ተራራው ለእሱ ሁለተኛ ማርሽ ነው። ወንዙ ጠባብ ድልድይ ነው፤ ሸለቆው የጋለ ፍሬን ሽታ። ዓይኑን ወደ ጎን የላከ ሹፌር ይህን ሁሉ ነፍስ ይዞ ገደል ይገባል። ማታ ደግሞ ሰው ከተማ ሊያይ ሲወጣ እሱ መኪናው ውስጥ ወድቆ ያንኮራፋል። ይህን ይህን ሲነግራት የልጅቷ ፊት ጭልም ይላል። አንድ ቀን ያን ፊት ማየት አቃተውና፣ በሐይቁ ዳር ባለችው ከተማ ሰማያዊ በር አየሁ አላት። በሚቀጥለው ጉዞ በሮቹ ሁለት ሆኑ። ዓመት ሳይሞላ ከተማው ሁሉ ሰማያዊ በር ገጠመ፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጉም ሲወርድ ቤታቸው እንዳይጠፋባቸው ብለው።

«ሁሉም ሰማያዊ ከሆነ ማን የማን ቤት እንደሆነ በምን ይለያሉ?» ብላ ያዘችው ሚጣ፤ ዋዛ አልነበረችም።

«በሾርባው ሽታ» አላት፣ ሳያስብ። ሚጣ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። እናትየዋም በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። በሕይወቱ ሁለቱን አንድ ላይ ያሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ይመስለዋል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከቀመሰ በኋላ እንዴት ወደ አስፋልቱና ወደ ማርሹ ይመለሳል? አልተመለሰም። ለዓመታት ወሬ እየፈጠረ ቀጠለ። ሚጣም በሰማችው ላይ ተመሥርታ «ስድን እንሄዳለን» እያለች ቦታ ትመርጥ ነበር፤ ዛሬ ይህን ትጥላለች፣ ነገ ያን ታነሳለች፣ በመጨረሻ ሦስቱ ላይ ጸናች።

አሁን ሚስቱ ልታያቸው ነው። ከአውቶቡስ ወርዳ የዛገ የቆርቆሮ በር ስታይ ምን ይውጠዋል? ለእሱ ማፈሩ አይደለም የከበደው፤ አፍሮ ያውቃል። የሚጣ ሕይወት ነው። ልጅቷ ከዚያ አልጋ ተነስታ የሄደችበት ብቸኛው አገር ይህ ነበር። እናቷ በልቧ ይዛ የምትዞረውም ያንን ነው፤ ልጄ እግር ባይኖራትም አገር አይታለች ብላ ነው የምትጽናናው። ያ ከፈረሰ የሚተርፋት አልጋውና የሽሮፕ ጠርሙሶቹ ናቸው።

«እኔ ቀድሜ ልሂድና ወረፋ ልያዝ» አላት። «አንቺ ቀስ ብለሽ ነይ፤ ፊርማሽን ይፈልጋሉ።»

«እሺ» አለችው። ከሚጣ ሞት ወዲህ በዓይኗ ውስጥ ብርሃን ያየው በዚህ ሳምንት ነበር፤ ያ ደግሞ ይብስ አስፈራው።

መናኸሪያው በር ላይ ወረፋ አልነበረም። እሱም ወደ ትኬት ክፍሉ አልሄደም። ወደ ጓሮው ዞሮ ጎማ ጥገናው ጋ ገባ። ጎሚስታው የድሮ ወዳጁ ነው፤ ሲስቅ ትንፋሹ እንደ ጎማ መንፊያ ስለሚፉጭ ሁሉም «ፓምፕ» ይለዋል። ፓምፕ የውስጥ ላስቲኩ ከተቀደደ አንድ ጎማ ጋር ይታገላል። ከኋላው፣ ጥቀርሻ በጠገበው ግድግዳ ላይ፣ ዘመኑ ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። በላዩ ላይ ያለው ፎቶ ዓይን የሚያጥበረብር ነጭ ሜዳ ነው፤ የጨው ሜዳ።

«ይህን ነገር አሁንም አልጣልከውም?» አለው ሹፌሩ።

«ምን አረገህ? የግድግዳውን ቀዳዳ ሸፍኖልኛል።»

«ጨዉ በቀትር ይዘምራል ብዬ ነግሬያቸዋለሁ።»

ፓምፕ መፉጨት ጀመረ። «ማን? ይሄ ጨው? አንተ መቼ ሄደህ ነው?»

«አልሄድኩም። ጎማ እስክትለጥፍልኝ እዚህ ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ለሚጣ ነው የነገርኳት።»

ፉጨቱ ቆመ። ፓምፕ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁ ከእጁ ይበልጥ ቆሻሻ ነበር።

«እና ምን ይላል? ለልጅ ተረት መንገር ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«እናቷ ልታየው ነው። በይለፉ። ዛሬ ልናስመታው ነው።»

ወዳጁ ነገሩን ሲያመላልሰው ቆየ። ፓምፕ ጎማ ሲፈትሽም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ዙሪያውን ይዳስሳል። «ስማኝ» አለው በመጨረሻ። «ተለወጠ በላት። በዚህ አገር ያልተለወጠ ምን አለ? በሮቹን አዲሱ ከንቲባ ቀለም አስቀየራቸው በላት። ጨዉ ዝናብ መትቶት ዝም አለ በላት። ደመናውን ደግሞ ቀኑ ብራ ሆነብን በላት። የዚህን ያህል ዓመት የዋሸ ሰው አንድ ሳምንት መዋሸት ያቅተዋል? ሴትዮዋን አታሳዝናት፤ የበቃትን አዝናለች።»

ሹፌሩ ሐሳቡ አሳመነው። ያሳመነውም ቀላል ስለሆነ ነው። ከጎማ ጥገናው ሲወጣ ከንቲባውን፣ ዝናቡንና ብራውን በልቡ እያሰለፈ ነበር፤ እንዲያውም ለከንቲባው ሪዝ አበጅቶለታል። ለራሱ ሳይታወቀው እንደ ድሮው ወሬ መፍጠር ጀምሮ ነበር፤ ያን ሲያውቅ ራሱን ተጸየፈ።

ሚስቱ ከትኬት መስኮቱ ፊት ደርሳ ጠበቀችው። በአዲሱ ጫማ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ በአንድ እግሯ ታነክሳለች። ከመስታወቱ ኋላ ያለችው ሠራተኛ ገና ወጣት ናት፤ ሹፌሩ መሪ ሲያስረክብ እሷ ሥራ መጀመሯ ነበር።

«አባባ፣ እንዴት ዋሉ? በመጨረሻው ቀን መጡ አይደል?» አለችና ይለፉን ተቀበለች። «እሺ፣ ሦስቱን ይንገሩኝ።»

ተናጋሪዋ ሚስቱ ሆነች። ሐይቁ ዳር ያለችውን ከተማ አለች፤ ልጅቷ ጻፈች። የጨው ሜዳውን አለች። ልጅቷ እስክሪብቶዋን አቆመች።

«እማማ፣ ወደዚያ የእኛ አውቶቡስ አይሄድም።»

«አሁን ቀርቶ ይሆናል እንጂ ይሄድ ነበር። እሱ ስንቴ ተመላልሶበታል።»

«ሄዶ አያውቅም፣ እማማ። መንገድም የለውም እኮ። የእኛ የመጨረሻ ጣቢያ ድንበሩ ጋ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጨው የሚጭኑ መኪኖች ናቸው፣ እነሱም በስንት ቀን አንዴ። ሙቀቱ ሰው ይገድላል።»

ሚስቱ ወደ እሱ ዞረች። ፊቷ ላይ ጥርጣሬ ፈልጎ አጣ። ይልቅ እንደ ሁልጊዜው ልታግዘው ፈለገች። «በኮንትራት ነው እንዴ የሄድከው?» አለችው። «የኮንትራት ጉዞ ይሆናላ።»

ይኸው፣ ከንቲባም ዝናብም ሳያስፈልገው፣ ውሸቱን ራሷ ሠርታ አቀበለችው። አዎ ማለት ብቻ ነበር የቀረው። አፉንም ከፈተ። እሷ ግን መልሱን ሳትጠብቅ ወደ መስታወቱ ዞራ፣ «ግድ የለም ልጄ፣ እስከ ድንበሩ ጻፊልን። ከዚያ በጨው መኪናው እንሄዳለን። እሱም ከታጣ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ጫማ ገዝቻለሁ» አለቻት።

ሹፌሩ ያን ጫማ አየው። ከተረከዙ በላይ የደም ነጠብጣብ ወጥቷል። ትሄዳለች፣ አለ በልቡ፤ ይህች ሴት ያለችውን ታደርጋለች። ግድግዳ ላይ ለተሰቀለ ፎቶ ብላ በሐሩር ውስጥ ስትሄድ ትሞትብኛለች።

«አልሄድኩም» አለ።

«ምን?»

«የጨው ሜዳውን አይቼው አላውቅም። ነይ፣ እዚያ እንቀመጥ።»

የመንገደኞች መጠለያ ውስጥ ረጅም የብረት መቀመጫ አለ። ሰው በየጓዙ ላይ ተቀምጧል፤ አንዲት ሕፃን ታለቅሳለች፤ ድምፅ ማጉያው የማይሰማ የከተማ ስም ይጠራል። እዚያ ተቀምጦ ሁሉንም ነገራት። ቀን መቁጠሪያውን ነገራት። ከአስፋልቱ በቀር ምንም እንዳላየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸው ለምን እንደነበር፣ ከዚያ በኋላ ማቆም እንዴት እንዳቃተው ነገራት። እሷ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊቷን እያየች ሰማችው፤ አንዴም አላቋረጠችውም።

«በሮቹስ?» አለች ሲጨርስ።

«አንድ ነበር። የአንዲት ኪዮስክ በር። ሰማያዊ መሆኑንም እጠራጠራለሁ።»

«ደመናውስ?»

«ጉም አለ። ቤት አይገባም። ገደሉ ላይ ነው የሚወርደው፤ እጄን እስኪያልበኝ ድረስ እፈራው ነበር።»

ሚስቱ ስትናገር ድምፅዋ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

«የሞተች ዕለት አንተ መድኃኒት ቤት ሄደህ ነበር። ‹እማዬ፣ መስኮቱን ዝጊው፣ ደመናው እየገባ ነው› አለችኝ። ደመና አልነበረም፤ ፀሐይ ነው የነበረው። ዘጋሁላት። ‹ተይው በቃ፣ ደስ ይላል› አለችና ከዚያ… ከዚያ አልተናገረችም። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተም። አንተ ስትመጣ ዓይኗን ጨፍኜላት ነበር።» አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። «እኔ መቼ አገር ማየት አማረኝ? አገር ምን ይሠራልኛል? ልጄ ምን እያየች እንደሄደች ልይ ብዬ ነው እንጂ። እዚያ ቆሜ፣ እሺ፣ እዚህ ነው ያለችው ልል ነበር።»

ሹፌሩ እንደዚህ ያለ ነገር ይመጣብኛል ብሎ አላሰበም። ስድብ ጠብቆ ነበር፤ ስድቡን በፀጋ ለመቀበልም ተዘጋጅቷል። ይህ ግን ከስድብ በላይ ሆነበት።

«እንግዲያው ልጄ የት ነው የሄደችው?» አለችው፤ ጮክ ብላ። ከጎናቸው ያለው መንገደኛ ጓዙን ሳብ አድርጎ ዞር አለ። «ንገረኝ እንጂ! ስትናገር ማን ይችልህ ነበር! የት ነው የሄደችው?»

«አላውቅም» አላት። እንባው ሳያስፈቅደው ወረደ። ባለቀሰ ጊዜ ሁልጊዜ ወደ ጓሮ ነበር የሚሄደው፤ ዛሬ እዚያው ሰው መሃል አለቀሰ። እሷ አላባበለችውም፤ ግን ከጎኑም አልተነሳችም። ከፊታቸው አንድ አውቶቡስ ጭኖ ወጣ፣ ሌላ ገባ። የትኬት ክፍሉ ልጅ በመስታወቷ ውስጥ ደጋግማ ወደ ግድግዳው ሰዓት ስታይ ትታያለች።

«አንድ እንኳ የለም?» አለች ሚስቱ ብዙ ቆይታ። ቁጣው ከድምፅዋ ወጥቶ ድካሙ ብቻ ቀርቷል። «ያን ሁሉ ዓመት ዞረህ፣ በዓይንህ ያየኸው አንድ ቦታ የለም?»

አሰበ። በውሸቶቹ መሃል መንገዱን እየገፋ ሄደ፤ ያን ሁሉ አልፎ አንድ ጥግ ላይ ደረሰ።

«አንድ አለ» አላት። «የመኪናው አክስል የተሰበረብኝ ጊዜ ትዝ ይልሻል? መንገደኛውን ሌላ አውቶቡስ ወሰደው፤ እኔ መኪናዬን ልጠብቅ ቀረሁ። ዕቃው እስኪመጣ አደርኩ፣ ዋልኩ። ሜዳ ነው። ምንም የለበትም፤ ሣር ብቻ ነው፤ ዓይን እስከሚደርስበት ሣር፣ ነፋሱም አያርፍም። መሪ ስላልያዝኩ ወደ ጎን አየሁ። መጀመሪያ ሰለቸኝ። በኋላ ግን… እንጃ፣ ስም አላገኘሁለትም፤ ብቻ ከዚያ መነሳት አስጠላኝ። እንደተመለስኩ ለሚጣ ነገርኳት፤ ምንም ሳልጨምር።»

«ምን አለችህ?»

«‹ይቺንስ ተዋት አባዬ፣ ምንም የለባትም› አለችኝ። ድጋሚ አላነሳኋትም።»

ሚስቱ አፍንጫዋን ጠረገች። ከንፈሯ ላይ የመጣውን ነገር ሳቅ ማለት ያስቸግራል፤ ግን ለሚጣ የሚገባ ነገር ነበር። «እሷ እቴ! ሲሰለቻት ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ከተረከዟ ላይ አላቀቀችው፤ እግሯን ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች።

«ሐይቁ ጋ አልሄድም» አለች። «ተራራውም ጋ። እነዚያ የእሷ ናቸው፤ አልነካቸውም። ሄጄ የዛገ ቆርቆሮ ባይባቸው ከዚያ እንዳስወጣኋት ነው የሚቆጠረው። ይቺን ሜዳ ግን አልፈለገቻትም አልክ?»

«አልፈለገቻትም።»

«እንግዲያው የእኛ ናት።»

ጫማዋን አድርጋ ተነሳች። እሱም ተከተላት፤ ጎን ለጎን ልሁን ወይስ ከኋላ እያለ ሲያመነታ፣ እያነከሰች ስለሆነ ክንዱን ያዘችው። ይቅር እንዳለችው አልመሰለውም። ሰው ሲያነክስ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ ያን ያህል ነው ብሎ ራሱን ገታ።

የትኬት ክፍሉ ልጅ መስኮቷን ልትዘጋ እጇ መጋረጃው ላይ ነበር። ሚስቱ የፈለገችውን ነገረቻት። ልጅቷ የመንገዱን ስም ደጋግማ ጠየቀች፤ መዝገቧን ገለጠች፤ ግራ ገባት።

«እማማ፣ እዚያ እኮ ጣቢያ የለም። ከተማም የለም፤ ሁለት ጣቢያ መሃል ነው። ሹፌሩ የት ላውርዳችሁ ሲል ምን ሊሉት ነው?»

«እሱ ያውቀዋል» አለቻት፣ ባሏን በአገጯ እያመለከተች። «እዚህ ጋ ሲል ያቆማል።»

«ሌሎቹ ሁለት መስመሮችስ? ሐይቁን ጽፌዋለሁ።»

«ሰርዢው። ሁለቱንም ሰርዢያቸው።»

ልጅቷ ወደ ሹፌሩ አየች፤ እሱ ራሱን ነቀነቀ። ቅር እያላት ሁለት መስመር አሰመረች፣ ከሥሩም አንድ ረጅም ማብራሪያ ጻፈች፤ ማኅተሙንም መታችበት። ባልና ሚስቱ በየተራ ፈረሙ። ሚስቱ የፈረመችበት «የቤተሰብ አባል» የሚለው ሣጥን አንድ ብቻ ነበር፣ ሞላ።

«የመጨረሻ ጥያቄ» አለች ልጅቷ፤ ቸኩላለች። «ሁለት ወንበር ነው የምይዝላችሁ፤ አንደኛው ብቻ ነው መስኮት ያለው። መስኮት ጋ ማን ይቀመጥ?»

«እሷ ናታ» አለ ሹፌሩ፤ ይህ ጥያቄ መሆኑም አስገርሞት። «ከከተማው ወጥታ አታውቅም።»

ሚስቱ ክንዱን ሳትለቅ መስታወቱ ላይ ጎንበስ አለች።

«የለም ልጄ፣ እሱን አድርጊው» አለቻት። «እስከ ዛሬ አላየም።»